የቡናው ቅርንጫፍ ከጥላው በፊት

ሺሺንዳ ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የካፋ ዞን ከተማ ናት። እዚያ ለሚኖርና በእርሳስ መሣል ለሚወድ ሰው የሚሣል ነገር ፍለጋ መንከራተት የለም፤ የቡና ቅርንጫፍ፣ የእንሰት ቅጠል፣ በግንድ ላይ የተጠመጠመ ሐረግ ከደጅ አይርቅም። ከእነዚህ የቡናውን ቅርንጫፍ እንውሰድ። ሲያዩት ቀላል ነው። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ግራና ቀኝ ይዘረጋሉ፤ ፍሬዎቹ ቅጠሉ ከቅርንጫፉ በሚገናኝበት አንጓ ላይ ተጨናንቀው ይቀመጣሉ፤ የቅጠሉ ጠርዝ ሞገድ አለው፣ ፊቱ ያብረቀርቃል።

ሁለት ሰዎች ይህንኑ ቅርንጫፍ በአንድ ዓይነት እርሳስ፣ እኩል ጊዜ ወስደው ቢሥሉት ግን ውጤቱ ሊራራቅ ይችላል። በአንዱ ወረቀት ላይ ቡናው እጅ ዘርግተው የሚቀጥፉት ይመስላል። በሌላው ላይ እያንዳንዱ ቅጠል በትዕግሥት ጠቁሯል፣ ደም ሥሩ ሳይቀር ተቆጥሯል፤ ነገር ግን አጠቃላይ ነገሩ ቡና አልሆነም። ተመልካች የመጀመሪያውን ሲያደንቅ «ጥላ አጣጣሉን አየህ?» ይላል። እኔ ግን ጥላው የመጣው ዘግይቶ ነው እላለሁ። ሁለቱ ሥዕሎች የተለያዩት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ ኋላ በላጲስ በሚጠፉት ወይም ከጥላው ሥር በሚቀበሩት ቀጫጭን መስመሮች ላይ ነው። በአገራችን ስለ እርሳስ ሥዕል ሲወራ ስለዚህ መነሻ ንድፍ የሚባለው ጥቂት ነው፤ ሊባል የሚገባው ግን ብዙ ነው። ምክንያቱም ነገሩ የልማድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከጀርባው የዓይንና የአንጎል አሠራር፣ የማዕድንና የወረቀት ባሕርይ አለ።

ከአንጎል እንጀምር። ዴል ኮኸንና ሱዛን ቤኔት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ አንሥተው ነበር፤ ብዙ ሰው የሚያየውን ነገር አስመስሎ መሣል የሚያቅተው ለምንድን ነው? አራት ተጠርጣሪዎችን አቀረቡ። እጁ አልታዘዝ ብሎት ይሆን? የትኛውን መስመር ማስፈር እንዳለበት ሳያውቅ ቀርቶ ይሆን? የራሱን ሥዕል አሳስቶ እያየ ይሆን? ወይስ ገና ከመነሻው የሚሣለውን ነገር አሳስቶ አይቶት ነው? ብዙዎቻችን «እጄ አይታዘዝም» ማለት ይቀናናል። የተመራማሪዎቹ መደምደሚያ ግን ወደ መጨረሻው ተጠርጣሪ አመለከተ። ዋናው የስህተት ምንጭ እጅ ሳይሆን ነገሩን የምናይበት መንገድ ነው።

ይህ የአንጎል ድክመት ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ እንዲያውም ብርታቱ ነው። አንድ የቡና ቅጠል ጫፉን ወደ እናንተ አዙሮ ቢቆም በዓይናችሁ ውስጥ የሚያርፈው ምስል አጭርና ወፍራም ነው። አንጎል ግን የቡና ቅጠል ረዥም መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ምስሉን ያርምና «ይህ ረዥም ቅጠል ነው» ብሎ ያቀርብላችኋል። ጫካ ውስጥ ለመሄድ፣ ፍሬ ለመልቀም ይህ እርማት አስፈላጊ ነው። ለሠዓሊ ግን መሰናክል ይሆናል፤ እጁ ያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን ቅጠል ይሥላል፣ ቅርንጫፉም እንደ ደረቀ ናሙና ወረቀት ላይ ይለጠፋል። ሮበርት ታውለስ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ይህን እ.ኤ.አ. በ1931 ለክቶ አሳይቶታል። ክብ ሰሌዳ ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ሰዎች የሚታያቸውን ቅርጽ እንዲያሳዩ ሲጠይቃቸው፣ የሰጡት ቅርጽ ዓይን ውስጥ ከሚያርፈው ጠባብ ሞላላ ይበልጥ ወደ እውነተኛው ክብ የተጠጋ ነበር። የሚታየውና የሚታወቀው ተደራድረው መሐል ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

የሰው ፊት ለሚሥሉም ይኸው ነው። የአዋቂ ሰው ዓይኖች ከአናት እስከ አገጭ ባለው ቁመት እኩሌታ ላይ ይገኛሉ። ጀማሪ ግን ዓይኖቹን ወደ ላይ ሰቅሎ ግንባሩን ያሳጥራል፤ ትኩረቱን የሚስቡት ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ስለሆኑ ምንም «ወሬ» የሌለበት ግንባርና አናት በአንጎሉ ውስጥ ቦታ ያጣል። ከዚያ በኋላ ሽፋሽፍቱን አንድ በአንድ ቢሥል የሚያድነው የለም።

እንግዲህ የመነሻ ንድፍ የመጀመሪያ ሥራ ይህን የሚያርም አንጎል ለጥቂት ጊዜ ማስታገሥ ነው። ዘዴዎቹ ያረጁ ናቸው፣ ግን ይሠራሉ። ክንድን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ፣ ክርንን ሳያጥፉ፣ አንድ ዓይንን ጨፍኖ እርሳሱን እንደ መለኪያ መያዝ፤ በእርሳሱ ጫፍና በአውራ ጣት ጥፍር መካከል የአንዱን ቅጠል ርዝመት ወስዶ ቅርንጫፉ በሙሉ የዚያ ስንት እጥፍ እንደሆነ ማየት። ክንድ መዘርጋት ያለበት በከንቱ አይደለም። እርሳሱ ከዓይን ያለው ርቀት በየመለኪያው ከተለዋወጠ ልኬቶቹ እርስ በርስ አይነጻጸሩም። አንድ ዓይን መጨፈኑም እንዲሁ ነው፤ ሁለቱ ዓይኖች የሚያዩት ትንሽ የተለያየ ምስል ነው፣ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ግን አንድ ብቻ ነው። ትንሽ ጠጠር የታሰረበት ክር ማንጠልጠል ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር ይሰጣል፤ የቅርንጫፉ ዝንባሌ ከዚያ ክር ጋር ሲተያይ የቱን ያህል እንዳዘመመ ወዲያው ይለያል።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን ባዶውን የመሣል ዘዴ ነው። በሁለት ቅጠሎች መካከል ያለው ክፍተት የራሱ ቅርጽ አለው፤ አንዳንዴ ሦስት ማዕዘን፣ አንዳንዴ እንደ ማጭድ የታጠፈ። አንጎል ስለዚህ ክፍተት አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር የለም። ስም የለውም፣ «መደበኛ» ርዝመት የለውም፣ ስለዚህ የሚያርመው ነገር አያገኝም። ክፍተቱን በትክክል ያሰፈረ ሰው ሁለቱን ቅጠሎችም ሳያስበው በትክክል አስፍሯል። ይህን ዘዴ ለማመን መሞከር ብቻ ይበቃል።

ሁለተኛው ምክንያት የሒሳብ ነው። በዓይናችን ሬቲና መካከል ነገሮችን አጥርታ የምታይ ትንሽ ስፍራ አለች፤ ስፋቷ ሁለት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፣ ክንድ ዘርግተን የአውራ ጣታችንን ጥፍር ብናይ የሚሸፍነውን ያህል። ከዚያ ውጪ ያለው ሁሉ የደበዘዘ ነው። ቅርንጫፉን በሙሉ አጥርተን የምናየው የሚመስለን ዓይናችን ያለ ዕረፍት ስለሚዘል፣ አንጎልም ቁርጥራጩን ስለሚሰፋው ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ከቅርንጫፉ ሥር ጀምሮ አንዱን ቅጠል እስከ መጨረሻው አጠናቅቆ፣ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አንጻር፣ ሦስተኛውን ከሁለተኛው አንጻር እያለ ቢቀጥል ምን ይሆናል? እያንዳንዱን ቅጠል ከቀዳሚው አንጻር ሊሆን ከሚገባው 3 ከመቶ ብቻ አተለቀ እንበል። ሦስት ከመቶ ዓይን የማይለየው ስህተት ነው። ስምንት እርምጃ ሲደርስ ግን ቅጠሉ ሊሆን ከሚገባው 27 ከመቶ ገደማ ይበልጣል። ቅርንጫፉ ከወረቀቱ ይወጣል፣ ወይም ሠዓሊው መጨረሻ ላይ ተጨንቆ ፍሬዎቹን ያጨናንቃል። እያንዳንዱ ቅጠል ለብቻው ሲታይ ግን ደህና ነው፤ ስህተቱ የቱ ላይ እንደገባ ማንም ማሳየት አይችልም።

ይህን የሚያቆመው አስቀድሞ ሙሉውን የሚያቅፍ ድንበር ማስፈር ነው። የቅርንጫፉ ጫፍ የት ይደርሳል? ሥሩስ? ሰፊው ቦታ የቱ ጋ ነው? አራት ወይም አምስት ቀላል መስመሮች ቅርንጫፉን በሙሉ ከያዙት በኋላ ቅጠሎቹ የሚለኩት እርስ በርስ ሳይሆን ከዚያ ድንበር አንጻር ይሆናል። ያን ጊዜ የአንዱ ስህተት ወደ ሌላው አይተላለፍም። ሸማኔ ድሩን ሳይወጥር ማግ እንደማያስገባ ሁሉ፣ ሠዓሊም ድንበሩን ሳይወጥር ቅጠል ማስገባት የለበትም።

እዚህ ላይ ስለ አስተያየት ልማድ አንድ ነገር ልጨምር። ኮኸን እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ሌላ ጥናት፣ ከሚሣለው ነገር ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደሚሣለው ነገር ቶሎ ቶሎ ዓይናቸውን የሚመልሱ ሰዎች ይበልጥ ትክክለኛ ሥዕል እንደሚሠሩ አሳይቷል። ረዥም ጊዜ አፍጥጦ ካዩ በኋላ ረዥም ጊዜ አቀርቅሮ መሣል አያዋጣም፤ ትውስታ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ በዕውቀት መተካት ይጀምራል። ትንሽ ማየት፣ ደጋግሞ ማየት ይሻላል።

የሺሺንዳው ቡና ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ከዛፉ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ከሥሩ ውኃ አያገኝም፣ በቅጠሎቹ በኩል ግን ውኃ ማጣቱን ይቀጥላል። ሕዋሳቱን ወጥሮ የያዘው የውኃ ግፊት ሲቀንስ ቅጠሉ ይዝላል፣ ማዕዘኑ ይለወጣል። ውኃ ውስጥ ቢነከር ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ሳይቆርጡ ዛፉ ሥር ተቀምጠው ቢሥሉ ደግሞ ፀሐይዋ ትሄዳለች። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ ቅጠሉ ፍሬው ላይ የጣለው ጥላ አራት ሰዓት ላይ ሌላ ቦታ ነው። ካፋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ መጋቢት 30 እና ነሐሴ 29 አካባቢ ፀሐይ በቀትር ከአናት ላይ ትቆማለች፤ የቋሚ ነገር ጥላ ከእግሩ ሥር ይሰበሰባል። እንግዲህ በሰማይ ጥራት ጊዜ የሚሥል ሰው የቅጠሎቹን አቋምና የጥላዎቹን ድንበር በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በቀጭን መስመር ካልያዘ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚሥለው የሦስት ሰዓትን ቅጠል በአራት ሰዓት ጥላ ነው። ተመልካች ምን እንደጎደለ ባያውቅም ብርሃኑ እንዳላሳመነው ይሰማዋል። ደመናማ ቀን ይሻላል፤ የደመና ብርሃን ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚመጣ ጥላው ለስላሳ ነው፣ ቶሎም አይለዋወጥም። ካፋ በደመና እጦት አትታማም።

የዕፅዋት ሥዕል ይህን ችግር በአገራችን ከተጋፈጠ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሉዊጂ ባሉጋኒ የቦሎኛ ተወላጅ ጣሊያናዊ ሠዓሊ ነበር፤ ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ አብሮት መጣ፣ በ1770 አብሮት ግሽ ዓባይ ደረሰ፣ በ1771 ጎንደር ውስጥ ሞተ። ብሩስ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ እንሰት፣ ኮሶ፣ ጤፍና ዋጊኖስ ተሥለው ይታያሉ። ብሩስ ለሟቹ ባልደረባው የሚገባውን ምስጋና አልሰጠም፤ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን የሥዕሎቹ ባለቤት ባሉጋኒ መሆኑን መስክረውለታል። ሥዕሎቹ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በዬል የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ። ከቦታ ቦታ ከሚጓዝ ጓዝ ጋር እየተጓዘ የሚሥል ሰው ሥዕሉን እዚያው አይጨርስም። መጀመሪያ የሚይዘው የቅጠሉን አቋም፣ ምጥጥኑንና የአበባውን ብዛት ነው፤ ቀለሙና ልስላሴው ጊዜ ሲገኝ ይመጣል። በጉዞ ላይ የተሣለ እንሰት፣ የካፋን ሕዝብ የሚመግበው ያው እንሰት፣ አውሮፓ ድረስ ታውቆ የሄደው በእንዲህ ዓይነት ሥራ ነው።

ከእርሱም በፊት የእኛ ብራና ጸሐፊዎች ይህን ያውቁ ነበር። ጸሐፊው የተፋቀውን ብራና ዳርና ዳሩን በወስፌ ወግቶ፣ ከነቁጥ ወደ ነቁጥ ያለ ቀለም መስመር ጭሮ፣ ዓምዱን ከለካ በኋላ ነው ቀለም የሚነክረው። ጥንታዊ መጽሐፍ ወደ ብርሃን አጋድሞ ላየ ሰው እነዚያ ቀለም አልባ መስመሮች ዛሬም ይታያሉ። ፊደሉ ያማረው ከእነርሱ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ እርሳሱ ራሱ እንምጣ፤ ነገሩ ይበልጥ የሚጥመው እዚህ ነው። እርሳስ ብንለውም በውስጡ ያለው ግራፋይት ነው፤ ይህ ማዕድን የካርቦን ዓይነት መሆኑን ስዊድናዊው ኬሚስት ካርል ሼለ እ.ኤ.አ. በ1779 አረጋግጧል። በግራፋይት ውስጥ የካርቦን አቶሞች እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ጎን መረብ ሠርተው በስስ ገጽ ይያያዛሉ። በአንዱ ገጽ ውስጥ በሁለት አቶሞች መካከል ያለው ርቀት 0.142 ናኖሜትር ነው፣ ማያያዣውም እጅግ ጠንካራ ነው። በገጽና በገጽ መካከል ያለው ርቀት ግን 0.335 ናኖሜትር ነው፤ የሚያያይዛቸውም ኃይል ደካማ ነው። ስለዚህ ገጾቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይንሸራተታሉ። እርሳስ ወረቀት ላይ ሲሄድ የሚሆነው ይህ ነው፤ የወረቀቱ ሸካራ ጭረቶች ከግራፋይቱ ላይ ስስ ቅርፊቶችን እየገፈፉ ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ መገፈፍ በተራ ማጣበቂያ ፕላስተር አካሂደው አንድ አቶም ውፍረት ያለውን ገጽ ለይተው አወጡ፤ በ2010ም የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው። በተማሪ ደብተር ላይ የምናያት ጭረት የዚያች ሳይንስ ዘመድ ናት።

የእርሳስ ጥንካሬና ልስላሴ የመጣው ከፈረንሳዊው ኒኮላ ዣክ ኮንቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1795 አካባቢ ፈረንሳይ በጦርነት ምክንያት የእንግሊዝን ንጹሕ ግራፋይት ስታጣ፣ እርሱ የግራፋይት ዱቄትን ከሸክላ አፈር ጋር ለውሶ በእሳት ተኮሰው። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፣ መስመሩ ቀጭንና ደብዛዛ ይሆናል፤ ይህ የኤች ወገን ነው። ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፤ ይህ የቢ ወገን ነው። በየጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ የሚሸጠው ኤችቢ መሐል ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ለመነሻ ንድፍ ምን ያደርጋል? ወረቀት በሴሉሎስ ክሮች የተሠራ ነው፣ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጉድጓድና ጉብታ አለው። ግራፋይቱ መጀመሪያ የሚይዘው በጉብታዎቹ ላይ ነው። በቀላል እጅ የተሰመረ መስመር ጉብታዎቹን ብቻ ስለሚነካ ላጲስ ያነሣዋል። እጅ ሲከብድ ግን ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ቅርፊቶቹ ወደ ጉድጓዶቹ ገብተው ይጣበቃሉ፣ ላጲስም ሙሉ በሙሉ አያወጣቸውም። ሁለተኛ፣ የእርሳሱ ጫፍ ወረቀቱን ያርሰዋል። መስመሩ ቢጠፋ እንኳ ቦዩ ይቀራል። በኋላ ጥላ ለመጣል ለስላሳ እርሳስ በላዩ ሲያልፍ ቦዩን ዘሎ ይሄዳል፣ በጥቁሩ መካከልም ነጭ ጭረት ይቀራል። ያን ነጭ ጭረት የቡና ቅጠል ላይ አስቡት፤ ማንም ያልሣለው፣ ማንም የማያጠፋው የተሳሳተ መስመር ነው። በተለይ ጠንካራ የኤች እርሳስን ለመነሻ ንድፍ የሚመርጡ ሰዎች መስመሩ ስለሚደበዝዝባቸው ይጫኑታል፤ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። አየሩ በሚረጥብበት በካፋ ደግሞ ወረቀት እርጥበት ይጠጣል፣ ክሮቹ ያብጣሉ፣ ገጹ ይለሰልሳል፣ ስለዚህ ይበልጥ በቀላሉ ይታረሳል። ወረቀትን ክፍት ከመተው ይልቅ በላስቲክ ሸፍኖ ከጠፍጣፋ ሰሌዳ ጋር ማኖር ይጠቅማል።

ሌላም አለ። ቅርፊቶቹ በብዙ ጫና ሲተኙ ገጻቸው እንደ መስታወት ይስተካከላል፣ ጥቁር መሆን የሚገባው ቦታ ብርሃን እየመለሰ ያብለጨልጫል። ከዚህም የተነሣ የወረቀቱ ሸካራነት ይሞላና ተጨማሪ ጥቁረት አይቀበልም። በመጀመሪያው ሰዓት ላይ በጣት የተሻሸ ሥዕል ይህ ዕጣ ይደርሰዋል፤ የጣት ቅባትም ይጨመርበታል። ወረቀት የመቀበል አቅሙ የተወሰነ ነው። ያን አቅም በመነሻው ላይ የጨረሰ ሰው ለመጨረሻው ጥቁር የሚሆን ቦታ አያገኝም።

ስለ ጥቁር ካነሣን፣ የጥላና የብርሃን ካርታም የመነሻ ንድፍ አካል ነው። ነጭ ወረቀት ከሚያርፍበት ብርሃን ከ80 እስከ 90 ከመቶ ያህሉን ይመልሳል። ግራፋይት ደግሞ እንደ ከሰል ድብን ብሎ አይጠቁርም፤ በነጩና በእጅግ ጥቁሩ ምልክት መካከል ያለው ልዩነት ቢበዛ ጥቂት አሥር እጥፍ ነው። የካፋን ጫካ ግን አስቡ። ፀሐይ ያረፈበት ቅጠልና ከግንዱ ሥር ያለው ጨለማ በሺህ እጥፍ ሊለያዩ ይችላሉ። ያን ሁሉ በወረቀት ማስፈር አይቻልም። የሚቻለው ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው፤ ከሁሉ የሚያበራው የቱ ነው? ከሁሉ የሚጠቁረውስ? የቀሩት በመካከል የት የት ይቆማሉ? ይህ አስቀድሞ ካልተወሰነ ሠዓሊው የመጀመሪያውን ቅጠል እንዳየው ያጠቁረዋል፣ ከዚያም ከቅጠሉ ጀርባ ያለውን እውነተኛ ጨለማ የሚገልጽበት ጥቁር ያጣል።

ዓይን ደግሞ እዚህም አይታመንም። ኤድዋርድ አደልሰን እ.ኤ.አ. በ1995 ባቀረበው የታወቀ ምስል ላይ የቼዝ ሰሌዳ አለ፣ አንድ ሲሊንደር ጥላውን ጥሎበታል። በጥላው ውስጥ ያለው «ነጭ» ካሬና ከጥላው ውጪ ያለው «ጥቁር» ካሬ በትክክል አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው፤ ይህን እያወቀም ዓይን አያምንም። አንጎል ጥላውን ቀንሶ የነገሩን «እውነተኛ» ቀለም ያቀርባልና። በጥላ ውስጥ ያለች የቡና ፍሬም እንዲሁ ነጣ ብላ ትታያለች፣ ጀማሪውም ነጣ አድርጎ ይሥላታል፣ ፍሬዋም ከጥላው ወጥታ ትንሳፈፋለች። መድኃኒቱ ዓይንን ማጥበብ ነው። ሽፋሽፍት ሲጠጋጋ ዝርዝሩ ይጠፋል፣ ትልልቆቹ የብርሃንና የጥላ ክፍሎች ብቻ ይቀራሉ። እነዚያን ክፍሎች ቢበዛ ሦስት አድርጎ፣ ብርሃን፣ መካከለኛና ጥቁር ብሎ፣ በስሱ ማልበስ ከዝርዝር ሁሉ ይቀድማል። የሚያብረቀርቀው የቡና ቅጠል ፊት ላይ የሚታየው ነጭ ክፍል ሰማይ ነው፤ ከቅጠሉ የሰም ሽፋን ላይ የተንጸባረቀ ሰማይ። ያ ቦታ ከመጀመሪያው ጀምሮ ንጹሕ ወረቀት ሆኖ መጠበቅ አለበት። ጉድጓዶቹ ውስጥ ግራፋይት ከገባ በኋላ ወደ ነጭነቱ አይመለስም።

መነሻው ጠፋ ሲባል ሁልጊዜ አይጠፋም። ካርቦን የኢንፍራሬድ ጨረርን ይመጥጣል፣ ብዙ የቀለም ዓይነቶች ግን ያሳልፉታል። ስለዚህ ተመራማሪዎች በኢንፍራሬድ ካሜራ ከቀለም ሥር የተቀበረውን የካርቦን ንድፍ ማየት ይችላሉ። ያን ቫን አይክ እ.ኤ.አ. በ1434 የሣለው የአርኖልፊኒ ባልና ሚስት ሥዕል በዚህ ሲመረመር፣ ሠዓሊው የሰውየውን የተነሣ እጅና እግሮቹን ከመነሻ ንድፉ በኋላ እንዳሻሻለ ታይቷል። ይህ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነው። የመነሻ ንድፍ እንደ ውል አይጸናም፤ ስህተት ገና ቀላል ሳለ የሚገኝበትና የሚታረምበት ቦታ ነው። ታላላቆቹ ሳይሳሳቱ ቀርተው አልነበረም፤ በጊዜ አግኝተውት ነው።

ይህ ሁሉ ለአንድ ሥዕል ያህል ልፋት ይገባዋል ወይ የሚል ሊኖር ይችላል። ለካፋ ይገባዋል እላለሁ። ዩኔስኮ የካፋን ደን የባዮስፌር ክምችት አድርጎ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ የጫካ ቡና፣ የዓረቢካ ቡና የዘር ሀብት፣ በእነዚህ ደኖች ውስጥ ይኖራል። የአዲስ አበባና የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በ1980 ጀምረው በ2009 ያጠናቀቁት ባለ ስምንት ቅጽ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ሥራ የተጌጠው በመስመር ሥዕሎች ነው። ፎቶግራፍ ባለበት ዘመን ለምን ሥዕል? ፎቶግራፍ የአንዱን ዛፍ የአንዱን ቀን ያሳያል፤ የተለካ ሥዕል ግን አበባውን፣ ፍሬውን፣ የተከፈተውን ዘር በአንድ ገጽ ላይ፣ ያለ ግርዶሽ ያቀርባል። እንዲህ ያለው ሥዕል ምጥጥኑ ከተሳሳተ ሳይንሳዊ ዋጋ የለውም። ቅጠሉ ቆንጆ ሆኖ ጥንድነቱ ከጠፋ ቡና አይደለም። ካፋ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ወጣት የሚያውቃቸውን ዕፅዋት በዚህ ደረጃ መሣል ቢችል ለአገር ዕውቀት የሚያበረክተው ነገር ትልቅ ነው፣ ለመጀመርም የሚያስፈልገው አንድ ኤችቢ እርሳስ፣ ምላጭ፣ ላጲስና መስመር የሌለው ወረቀት ነው።

አንድ እርሳስ ብቻ ላለው ሰው የምመክረው ይህ ነው። በምላጭ ጫፉን ረዘም አድርጎ ይቅረጽ። ለመነሻው ከጫፉ ራቅ ብሎ፣ ወደ ኋላ ይያዘው፤ ሩቅ የተያዘ እርሳስ መጫን አይችልም፣ ክንድን እንጂ ጣትን አያሠራም፣ መስመሩም ረዥምና ቀላል ይሆናል። ወረቀቱን ከአንድ ክንድ ርቀት ሲያየው መስመሮቹ በጭንቅ የሚታዩ ከሆነ ልክ ነው። ድንበሩ፣ ዝንባሌው፣ ክፍተቶቹ፣ የጥላዎቹ ዳር ከያዙ በኋላ ተነሥቶ ራቅ ብሎ ይመልከተው፤ ወይም ወረቀቱን ገልብጦ፣ ላዩን ታች አድርጎ ይየው። የተገለበጠ ቅርንጫፍ ለአንጎል እንግዳ ስለሚሆን ስህተቱ ቶሎ ይጋለጣል። ጥላ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው፣ ያኔም ከቀላል ወደ ጥቁር።

ብዙ ጊዜ የሚያሳዝነኝ፣ በየትምህርት ቤቱ የሥዕል ክፍለ ጊዜ የሚሞገሰው በቶሎ የጠቆረው ወረቀት መሆኑ ነው። በቀጭን መስመር ሃያ ደቂቃ የለካ ልጅ «ገና ምንም አልሠራህም» ይባላል፤ እርሱ ግን ከባዱን ክፍል ጨርሷል። በሺሺንዳም፣ በቦንጋም፣ በሌላውም ከተማ የምታስተምሩ መምህራን፣ እባካችሁ ለተማሪዎቻችሁ ነጥብ ስትሰጡ የተጠናቀቀውን ሥዕል ብቻ አትቀበሉ፤ ጥላው ከመግባቱ በፊት መነሻ ንድፉን አስመጥታችሁ እዩት፣ ለእርሱም ነጥብ ስጡት።